ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ

ጥር 6፣ ሰኞ

ሃያ ሰባት ልጆች፣ ዘጠኝ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ። ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች ስለተሰነጠቀ ረዘም ያለ ቃል ስጽፍ ስንጥቁን መዝለል አለብኝ። አንዱ መስኮት መስታወት የለውም፤ ላስቲክ ተወጥሮበታል፤ ነፋስ ሲመጣ ይጮኻል። ልጆቹ ሰባት ዓመት የሞላቸው ወይም ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ናቸው። ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት «እንደምን አደሩ፣ አስተማሪ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ እሷንም ከሰዓት በኋላ ይሏታል።

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሰኔ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠራሁ፤ ግማሹን በዘጋቢነት፣ ግማሹን በአራሚነት። ልጄ ሻንጣዬን ስትዘጋልኝ፣ «እማዬ፣ ሰው በስልሳ ዓመቱ ያርፋል እንጂ ሰው አገር ሄዶ በነፃ ያስተምራል?» አለችኝ።

«የማርፍበት ጊዜ ሞልቷል» አልኳት።

«እሱንማ ሁላችንም አናጣውም።»

የአገሩን ቋንቋ በወጣትነቴ ከሥራ ባልደረቦች ተምሬዋለሁ። እየተንገዳገድኩም ቢሆን እግባባበታለሁ።

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሸራ የለበሰ ትልቅ መኪና ቆሟል። ቀኑን ሙሉ ማንም አልወረደበትም፣ ማንም አልተሳፈረበትም። የሒሳብ አስተማሪዋን «ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«መኪና ነው» አለችኝ።

ጥር 9፣ ሐሙስ

የግድግዳ ጋዜጣ ጀመርን። ዳይሬክተሯ «እዚህ የምናስተምረው መጽሐፉን ነው» ብላ ትንሽ አንገራገረች፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቦታ ሰጠችን። ሕጉ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዜና በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ የጎደለውን ቃል እኔ እሰጠዋለሁ፣ አጻጻፉንም አግዘዋለሁ፤ እሱ ሥዕሉን ይሥላል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይሰቀላል። ዜናው አራት ጥያቄ ይመልሳል፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ። ቦታና ጊዜ የሌለው ወሬ ሐሜት ነው ይል ነበር የድሮ አለቃዬ።

ለምኔ ብዬ ስም ያወጣሁለት ልጅ (ከአፉ «ለምን» አይጠፋም) የዶሮውን ሞት አመጣ።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ዶሮዋ» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም።

ጥር 10፣ ዓርብ

ከአካባቢው ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው ዓርብ ዓርብ የዱቄት ወተት ያመጣል። ልጆቹን ቆጥሮ ይፈርማል። ወተቴ ይሉታል። ጫማው የጠራ፣ አንደበቱ ለስላሳ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ። ለደረጃ ዕድገት የእንግሊዝኛ ፈተና አለበት። ጋዜጣችን ሥር ቆሞ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «እትዬ፣ ይቺስ ምን ማለት ናት?» እያለ ያልገባውን ሁሉ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። አንባቢ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስደስት ረስቼው ነበር።

ጥር 15፣ ረቡዕ

ሦስተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ቆጣቢት እላታለሁ። በእረፍት ሰዓት ከምትታደለው ዳቦ ግማሹን ብቻ ትበላለች። ግማሹን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ታስቀምጣለች። በየቀኑ። ዛሬ ክፍሉ ፊት አመሰገንኳት፤ «ቁጠባ ማለት ይህ ነው» ብዬ አስጨበጨብኩላት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አንገቷን ደፋች፤ ቦርሳዋን በሁለት እግሯ መሐል ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

ዓይን አፋር ናት።

አከራዬ ልብስ ሰፊ ናት። ስገባ የስፌት መኪናዋ ይቆማል፤ ክፍሌን ስዘጋ ይቀጥላል። ጨዋ ናት፤ ሰው ሲያልፍ ሥራዋን ታቆማለች።

ጥር 20፣ ሰኞ

መኪናው ዛሬ በሩ ላይ አልነበረም። የባሰ ነገር ነው። ላይኛው መንገድ ላይ ሁለት ቤት ገብቶ ሦስት ወጣት ይዞ ወጣ አሉ። ከውትድርና አገልግሎት ሸሽተው የተደበቁ ወንዶችን ነው የሚፈልጉት። የተያዘ አልተመለሰም፤ የደበቀም አብሮ ይሄዳል።

ለአከራዬ «እንዴት ነው የሚፈትሹት?» አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«በር ያንኳኳሉ፤ ይጠይቃሉ። ቤት ውስጥ ማን አለ፣ የት ይተኛል፣ መቼ መጣ።» ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ለምን ይጠይቃሉ?»

«ልማድ ነው» አልኳት።

«ደግ ልማድ አይደለም፣ እትዬ።»

ከሃያ ሰባት ልጆች ዛሬ የመጡት ሃያ ሁለት ናቸው። ወረርሽኝ ገብቷል መሰለኝ።

ጥር 23፣ ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ደስ ብሎኝ ነበር ወደ ቤት የመጣሁት። ያንን መጻፍ አለብኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ቆጣቢት እስከ ዛሬ ዜና አምጥታ አታውቅም። ዛሬ እጇን አወጣች። «አጎቴ ረጅም ነው» አለች በእንግሊዝኛ። ይህ ዜና አይደለም አልኳት፤ አጎትሽ ምን አደረገ? የት ነው? መቼ? ረጅም ጊዜ አሰበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ፦ አጎቴ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ይተኛል። ማታ ማታ ይወጣል።

ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ አንድም ስሕተት የለባቸውም። አቀፍኳት። ሥዕሉንም አሳምራ ሠራችው፤ ትልቅ ቁም ሳጥን፣ ከጀርባው የወጡ ሁለት ረጃጅም እግሮች፣ በእያንዳንዱ ላይ አምስት አምስት ጣት። በአራት መርፌ ግድግዳው መሐል ላይ ሰቀልኩት። የልጅ ጨዋታ፣ ድብብቆሽ መስሎኝ ነበር።

እራት ላይ አከራዬ ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማሁ። «ታችኛው ሰፈር አንዱን ከጣሪያ ሥር፣ አንዱን ከግድግዳና ከዕቃ መሐል አገኟቸው።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

የዳቦው ግማሽ። በየቀኑ የዳቦው ግማሽ።

አሥራ አምስት ዓመት አራሚ ነበርኩ። ዛሬ ያረምኩት ፊደሉን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ አሁን ተቆልፏል። ነገ ዓርብ ነው። ወተቴ ዓርብ ዓርብ ይመጣል።

ጥር 24፣ ዓርብ

ጎህ ሳይቀድ በሩ ላይ ነበርኩ። ዘበኛው ከፈተልኝ፤ ሰላምታዬን አልመለሰም። ኮሪደሩን ሮጥኩ።

ወረቀቱ የለም። አራቱ መርፌዎች በቦታቸው አሉ፤ መሐላቸው ባዶ ግድግዳ ነው። ሌሎቹ ዜናዎች ሁሉ እንዳሉ ናቸው። አልተቀደደም፤ በጥንቃቄ ነው የተነቀለው።

ማን?

በአራት ሰዓት ወተቴ መጣ። በጣቱ ሲያነብ ሲያነብ ባዶው ቦታ ላይ ደረሰ። «እዚህ ጋ ምን ነበር?» አለ። ለምኔ በዚያ ሲያልፍ ነበር። «የእግር ዜናው!» ብሎ ጮኸ። «የእግሩ ዜና ጠፋ!»

«የእግር ዜና?» አለ ወተቴ ፈገግ ብሎ።

«ተቀዶብኝ ነው» አልኩ። «እንደገና ይሠራል።»

«እንግዲያው በሚመጣው ዓርብ አየዋለሁ። ጥሩ አንባቢ እኮ አንድም ዜና አያልፈውም፤ አይደል እትዬ?»

ቀልዱ ነው። ቀልዱ ሊሆን ይችላል።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

አልተኛሁም። መብል አልገባልኝም። ዳይሬክተሯ? የሒሳብ አስተማሪዋ? የጽዳት ሠራተኛዋ? ወተቴ ራሱ ሐሙስ ማታ መጥቶ፣ ዓርብ አላየሁም ብሎ? ጠይቄ ማወቅ አልችልም። ከጠየቅኩ ወረቀቱ ዋጋ እንዳለው እናገራለሁ።

ጥር 27፣ ሰኞ

ቆጣቢት አልመጣችም።

ዳይሬክተሯ ቢሮ አስጠራችኝ። ስለ ወረቀቱ ነው ብዬ ገባሁ። ሻይ እንኳ አላቀረበችልኝም።

«ማታ ማታ ይጽፋሉ አሉ» አለችኝ።

«ማስታወሻ ነው። የግሌ።»

«ለማን ይልኩታል?»

«ለማንም።»

«ለማንም» ብላ ደገመችው፤ በር ላይ የቆመ ሰው እንዲሰማ የምትናገር ይመስል ነበር። ሌላ ምንም አላለችም። የሚፈራ ሰው ብዙ አይናገርም፤ እሷም የመኪናውን ሰዎች ትፈራለች ማለት ነው።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ዛሬም የለችም። ወንበሯ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን በክንዷ ጎትታ ከመንገዴ ዞር አደረገችብኝ። ልጁ ከክፍሌ ነው። ገና ሰላም ልለው ስል ነበር።

ጥር 30፣ ሐሙስ

መጣች። አሟት ነበር አሉ፤ ትኩሳት። አምላክ ሆይ፣ ትኩሳት ብቻ።

ገና ኮሪደሩን ስትገባ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች። «የእኔስ ዜና?» አለች። ድምፅዋ እስከ ሒሳብ ክፍል ይሰማል። «አስተማሪ፣ የእኔን ዜና ማን ወሰደው?»

ምን ልበላት? በሰባት ዓመቷ፣ አጎትሽን እኔ ላስይዘው ነበር ልበላት? «እሠራልሻለሁ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሲሄዱ ክፍሌን ዘግቼ፣ በግራ እጄ፣ የልጅ ጽሑፍ እንዲመስል ጻፍኩ። የአያቴ ጫማ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው። ትልቅ ነው። ቁም ሳጥኑን ሣልኩ። ከጀርባው ሁለት ጫማ፣ ከነማሰሪያቸው። አያት ይኑራት አይኑራት አላውቅም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ አንዲት መስመር አሳልፌ አላውቅም ነበር። ስሰቅለው ሁለት መርፌ ከእጄ ወደቀ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ዘበኛው ቆሞ ያየኝ ነበር።

የካቲት 1፣ ዓርብ

በዝርዝር ልጻፈው፤ አለዚያ ነገ አላምነውም።

ወተቴ ወተቱን አወረደ፤ ቆጠረ፤ ፈረመ። ከዚያ ቀጥታ ባዶ ወደነበረው ቦታ ሄደ። ጣቱን «ጫማ» በሚለው ቃል ሥር አስኬደ። «ይቺን ቆንጆ ዜና ማን ጻፋት?» አለ። ልጆቹ ሁሉ ወደ ቆጣቢት ጠቆሙ። እጇን ይዞ አቀረባት።

ወረቀቱን አየች። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች አየች። የእሷ አይደለም። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው፤ ያልሆነ ነገር ካያችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ስሕተት ነው በሉ። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ዓይኔን እንኳ መጨፈን አልቻልኩም።

«የማን ጫማ ነው?» አለ ወተቴ።

ጣቷን አንዱ ማሰሪያ ላይ አሳረፈች።

«የአያቴ» አለች።

«አያትሽ የት አሉ?»

«ሞተዋል።»

«መቼ?»

«ወተት መምጣት ሳይጀምር።»

ወተቴ ሳቀ። «ያኛው ልጅ ግን እግር ብሎኝ ነበር።»

ቆጣቢት ወደ ለምኔ ዞረች። «እሱ ጫማና እግር አይለይም» አለች። «የግራ ጫማውን በቀኝ ነው የሚያደርገው።»

ልጆቹ ለምኔ ላይ ሳቁ። ለምኔ እግሩን ቁልቁል አየ፤ እውነትም ተገላብጠው ነበር። ወተቴ «ቁም ሳጥን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሄደ። ምን እንዳወቀ፣ ምን እንዳላወቀ አላውቅም። ፈተናው ብቻ ይሁን የሚያሳስበው? ፊቱን ማንበብ አልቻልኩም፤ ፊት ማንበብ እንጀራዬ ነበር።

ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች። ዳቦዋን ለሁለት ቆረሰች። ስትቆርስ ፍርፋሪ አላፈሰሰችም።

የሰባት ዓመት ልጅ አንዲት ጊዜ እንኳ ሳትደናቀፍ ዋሸች። እኔ አስተማርኳት ልበል? ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር። እኔ ያስተማርኳት እውነቱን መናገር ነው፤ ሊያስገድላት የነበረውም እሱ ነው።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

መኪናው። ሁለት ሆኗል። ታችኛው ሰፈር ገቡ፤ የቆጣቢት ሰፈር። ትምህርት ተቋረጠ። ልጆቹን ወለል ላይ አስቀምጠን ቀለማትን አስቆጠርናቸው። ቀይ። ሰማያዊ። አረንጓዴ። የሒሳብ አስተማሪዋ እጆቿን ወንበር ሥር ደብቃ አንዱን በሌላው ትቆነጥጥ ነበር። ቆጣቢት ዛሬ የለችም።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

በሦስት ሰዓት መጣች። ፀጉሯ አልተበጠረም። እረፍት ላይ ዳቦዋን ተቀበለች፤ ለሁለት ቆረሰች፤ ግማሹን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

አላገኙትም።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ግማሽ ዳቦ አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የካቲት 8፣ ዓርብ

ወተቴ ዛሬ አልመጣም፤ ሌላ ሰው ላኩ። ወደ ቤት ስወጣ ዘበኛው በሩን ከፈተ፤ ሌላ ቀን ፊቱን ያዞርብኝ ነበር፤ ዛሬ አላዞረም። መንገዴ ላይ ቆመ። ሽማግሌ ነው፤ የዘበኛ ጎጆው ውስጥ ትንሽ የከሰል ምድጃ አለችው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቢቆጡም ይቆጡ።»

«ይጠይቁ፣ አባባ።»

«ያቺን ወረቀት አውቀው ነው የሰቀሏት ወይስ ሳያውቁ?»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። «እርስዎ ነዎት የወሰዷት?»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እግር ግን በማንም ቋንቋ እግር ነው። ሐሙስ ማታ በር ልዘጋ ስዞር አየኋት። ነቅዬ እዚህች ምድጃ ውስጥ ጨመርኳት።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞቼ ነበር እኮ። ለምን አልነገሩኝም?»

«ለማን ልንገር? ለሰቀላት ሰው?»

አልገባኝም። እውነቴን ነው፤ እዚያም ቆሜ አልገባኝም ነበር። ሽማግሌው ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ ነገረኝ።

«ከሌላ አገር አንዲት ሴት መጣች። ደሞዝ የላትም አሉ። ያለ ደሞዝ ማን ይሠራል? የሚከፍላት ሌላ ነው ማለት ነው። ልጆች ሰብስባ ትጠይቃለች። ቤታችሁ ማን አለ? የት ነው? መቼ መጣ? የተናገሩትን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ዓርብ ዓርብ ከጽሕፈት ቤቱ ሰው ጋር ቆማ ታነብለታለች። ማታ ደግሞ ትጽፋለች፤ አከራይዋ መብራቷን ታያለች። ሰው ልጁን ቢያስቀር ይፈረድበታል?»

የቀሩት ልጆች። ወረርሽኙ። የስፌት መኪናው። የገበያዋ እናት። ሁሉም ቤት በር የሚዘጋው ለመኪናው መስሎኝ ነበር።

«በር የሚያንኳኩትም ሰዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው» አለ። «ቃል በቃል።»

«ታዲያ አሁን ለምን ነገሩኝ?»

«የጫማዋን ወረቀት ሲሰቅሉ እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። መርፌ ሲጥሉ አየሁ። የእነሱ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም።»

ከዚያ ምድጃው ላይ ያለውን ሻይ ቀዳልኝ። ስኳር አልነበረውም። ቆሜ ጠጣሁት።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ለዳይሬክተሯ ሁሉንም ነገርኳት፤ የልጅቷን ማንነት ብቻ ትቼ። መሳቢያዋን ስባ አንድ ፖስታ አሳየችኝ። እኔ እንድነሳ ለላከኝ የበጎ ፈቃድ ድርጅት የጻፈችው ነው፤ ቴምብር ተለጥፎበታል።

«ዛሬ ሊሄድ ነበር» አለች።

«ከፈለጉ ይሂድ። መብትዎ ነው።»

ፖስታውን መሳቢያው ውስጥ መለሰችው፤ ግን አልቀደደችውም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልቀድደውም።

አራቱን ጥያቄዎች ከሰሌዳው አጠፋሁ። ከእንግዲህ ልጆቹ የሚያወሩት የሚወዱትን ብቻ ነው። የት የለም። መቼ የለም። ለምኔ «ለምን?» አለ። እሱን እንኳ አልመለስኩለትም።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ስገባ የስፌት መኪናው አልቆመም።

የካቲት 15፣ ዓርብ

ሃያ አምስት ልጆች። ወተቴ ተመለሰ፤ ፈተናውን አልፏል። ለዳይሬክተሯ ጣፋጭ አመጣ፤ ለእኔ ደግሞ አንድ እስክሪብቶ። «በእርስዎ ነው ያለፍኩት» አለኝ። አመሰገንኩት። እስክሪብቶውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ በእሱ መጻፍ አልቻልኩም። አሁንም አላውቀውም።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

እረፍት ላይ ቆጣቢት ዳቦዋን ተቀበለች። አልቆረሰችውም። ግራና ቀኝ አየች፤ ከዚያ ነከሰችው። እስከ መጨረሻው በላችው፤ መዳፏ ላይ የቀረውንም ፍርፋሪ። ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ተከፍቶ ተጥሏል፤ መሐረቡ ውስጡ ተጣጥፎ ይታያል። ሄደ? ወይስ ወሰዱት?

ከእረፍት በኋላ የጋዜጣ ሰዓት ነበር። እጇን አወጣች። ልከለክላት ነበር፤ ዘገየሁ።

«ቁም ሳጥናችን ቦታ ቀየረ» አለች በእንግሊዝኛ። ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። «እናቴ ገፋችው። እየዘፈነች ገፋችው። ከጀርባው መስኮት ነበር። አሁን ፀሐይ ይገባል።»

አንድ ወር ሙሉ ያስለመድኳቸው ነገር ከሌሎቹ ልጆች አፍ ሁሉ በአንድነት ወጣ። «መቼ?»

አፏን ከፈተች። በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ የማን እንደሆነ አላውቅም። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፤ መቼ፣ በየት በኩል፣ ከማን ጋር፣ ደረሰ ወይ። በሕይወቴ አንዲት መልስ እንዲህ ፈልጌ አላውቅም።

«ደወሉ ተደውሏል» አልኳቸው። «ወደ ቤት።»

ደወሉ ሊደወል አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ደብተራቸውን ሰብስበው እየተጋፉ ወጡ።